ስለ ሞተር ካቴና ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ስለ ካቴና ማጽዳትና ዘይት መቀባት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎርፍ ሆነ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ከሐዋሳ ወጥቼ በየገጠሩ ሞተር ስነዳ 14 ዓመት ሆነኝ። ካቴናዬን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

«የተቃጠለ ዘይት ነው የምቀባው። ጓደኞቼም ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ችግር አለው?»

አለው ወንድሜ። የተቃጠለ ዘይት ከሞተር ሲወጣ ጥቀርሻና የደቀቀ ብረት ይዞ ነው። በዚያ ላይ የመንገዱ አቧራ ይጨመርበታል። አሁን ተነስና ካቴናህን በጣትህ ጠረግ አድርግ። ጥቁሩን ቅባት በሁለት ጣትህ መሃል አሸት አሸት አድርገው። እንደ አሸዋ ይቆረቁርሃል። እሱ ነው ካቴናህን ቀን ከሌት እንደ ሞረድ የሚሞርደው። ሰው ካቴና የሚያልቀው ዘይት ሲያጣ ብቻ ይመስለዋል። በቆሻሻ ላይ ዘይት መደረብ ግን የባሰ ይበላዋል። መጀመሪያ ይጽዳ፣ ከዚያ ይቀባ።

የካቴና ስፕሬይ ካላገኘህ 80ደብሊው 90 የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ግዛ። አንድ ሊትር ለካቴና ብቻ ከዓመት በላይ ይበቃሃል።

«ግራሶስ? አይፈስም፣ ቶሎም አይታጠብም።»

ከላይ የተቀባ ግራሶ ወደ ውስጥ አይገባም። ዘይት መድረስ ያለበት ሮለሮቹ (ካቴናው መሃል ያሉት የሚሽከረከሩ ትናንሽ ብረቶች) ሥር ነው። ግራሶው ውጭ ቁጭ ብሎ አቧራ ይሰበስባል። ጥር ላይ በፒስታ መንገድ አንድ ቀን ንዳበትና እየው፤ ጭቃ ይመስላል።

«በምን ልጠበው? በቤንዚን ወይስ በናፍጣ?» (አንዲት የጤና ባለሙያ እህታችን)

በላምባ እጠቢው፣ ማለትም በነጭ ጋዝ። ቤንዚኑን ተይው። አንደኛ እሳት ነው። ሁለተኛ የጎማ ቀለበቶቹን ይጎዳል። ካቴናሽን ቀረብ ብለሽ እይው። በጠፍጣፋዎቹ ብረቶች መሃል ቀጫጭን ጥቁር የጎማ ቀለበት ካለ ኦሪንግ ያለው ካቴና ነው። ፋብሪካው ውስጡ ግራሶ ሞልቶ በእነዚያ ቀለበቶች አሽጎታል። ቀለበቱ ከተበጣ ግራሶው ይወጣል፣ መልሶ የሚያስገባው የለም። ስለዚህ የሽቦ ብሩሽ አይነካውም። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ሞተሩን በመሃለኛው ካቫሌቶ አቁሚው። አጥፊውና ቁልፉን ንቀይ። ማርሹን ፎሌ አድርጊው። ብሩሹን ላምባ እየነከርሽ ፈግፍጊ፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቂው። ጨርቁን የታችኛው ካቴና ላይ ያዢና የኋላ ጎማውን በእጅሽ ወደ ኋላ አሽከርክሪ። ወደ ፊት ካዞርሽው ካቴናው ጨርቁን ከነጣትሽ ይዞ ወደ ኮሮናው (ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ብረት) ጥርስ ይገባል።

«ሞተሩን አስነስቼ አንደኛ ማርሽ ባስገባውና ጎማው ራሱ ቢዞርልኝ አይቀለኝም?»

እባክህ አታድርገው! ካቴናው ጨርቁን ጎትቶ ኮሮናው ውስጥ ሲከት እጅህን ለመሰብሰብ ጊዜ የለህም። ጣት የሚቆረጠው እንደዚህ ነው። አምስት ደቂቃ ለመቆጠብ ተብሎ ጣት አይሰጥም።

«ዘይቱን የት፣ ስንት፣ መቼ?»

ማታ ከሥራ ስትመለስ። ካቴናው ሞቅ ስላለ ዘይቱ ቶሎ ይሰርጋል፣ እስኪነጋም በደንብ ይገባል። የታችኛውን ካቴና የውስጥ ፊት፣ ጥርሱን የሚነካውን ማለቴ ነው፣ ጎማውን እያዞርክ ጠብ ጠብ አድርግበት። ስትነዳ ሽክርክሪቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ትርፉን ጥረገው፤ ካልጠረግከው ጠዋት ጎማህና ፍሬንህ ላይ ታገኘዋለህ።

በየ500 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይበቃል። ክረምት ላይ ግን ዝናብ በመታው ቁጥር ቀባ።

«የመሥሪያ ቤቴ ሞተር ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ካቴናው በክዳን የተሸፈነ ነው። እኔንም ይመለከተኛል?» (አንድ የግብርና ባለሙያ አባታችን)

ይመለከትዎታል ጋሼ፣ ግን እንደኛ ቶሎ ቶሎ አይደለም። ክዳኑ አቧራና ጭቃውን ስለሚከላከልልዎ ካቴናዎ ብዙ ይቆያል። ቢሆንም አልፎ አልፎ ከፍተው ይዩት። አይታይም ተብሎ የተረሳ ካቴና ስንት አይቻለሁ።

«ጠበቅ ሲል ይሻላል አይደል?»

አይሻልም። በጣም የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታ ይጨርሳል። ሰው ሲጫንበት ደግሞ ይብስ ይጠብቃል። በሁለቱ ኮሮናዎች መሃል ታችኛውን በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት፤ የሞተርህ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ያዝ። ጎማውን እያዞርክ ብዙ ቦታ ለካ። በጣም የጠበቀበት ቦታ ላይ ነው የምታስተካክለው።

«ማለቁን በምን አውቃለሁ?»

ካቴናውን ከኋላው ኮሮና ላይ በጣትህ ወደ ኋላ ሳበው። ግማሽ ጥርስ ያህል ከታየህ አልቋል። በሜትር መለካት ለሚወድ፦ 428 የሚባለው ካቴና አዲስ ሲሆን ወጥሮ ከአንድ ፒን መሃል እስከ ሃያ አንደኛው ፒን መሃል 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ ቀይረው። ስትቀይር የፊቱንም የኋላውንም ኮሮና አብረህ ቀይር። ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይጨርሰዋል።

«ክሊፗ በየት በኩል ነው የምትገባው?»

ይህን የጠየቀውን ልጅ ማቀፍ አማረኝ። አንድ ጊዜ ካቴናዬን ጋራዥ አስቀየርኩ። ክሊፗን፣ የካቴናውን መጋጠሚያ የምትቆልፈዋን ትንሽ ብረት ማለቴ ነው፣ ገልብጠው እንደገጠሟት አላየሁም። ከሻሸመኔ ስመለስ፣ ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ተቀምጦ፣ ሞተሩ ድንገት ጮኸና ጉልበት አጣ። ዞር ብዬ ሳይ ካቴናው አስፋልቱ ላይ እንደ እባብ ተጋድሟል። ክሊፗ የለችም። እግዚአብሔር ይመስገን ጎማው ውስጥ አልተጠመጠመም። ቢጠመጠም ኖሮ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይይዘው ነበር፣ ከኋላችን ደግሞ ጭነት መኪና ነበር።

ክሊፗ የዓሣ ቅርጽ አላት። ድፍኑ ጫፍ ራሷ ነው፣ የተሰነጠቀው ጅራቷ። ካቴናው በሚሄድበት አቅጣጫ ራሷ ይቅደም። የላይኛው ካቴና ላይ ስታያት ራሷ ወደ ፊት ጎማ ማየት አለበት። እኔ ካቴናዬን ባጠብኩ ቁጥር እሷን ፈልጌ በጥፍሬ ገፋ አድርጌ ሳልፈትሽ አልነሳም።