ማከፋፈያችንን ወደ መካከለኛ ከተማ ብናዛውር ያዋጣናል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ዋናው መጋዘናችሁ ትልቁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሌሎች ሦስት ከተሞች ላይ ደግሞ ትንንሽ መጋዘን አላችሁ። ኪራዩ ከብዷችኋል። መንገዶች የሚገናኙባት አንዲት መካከለኛ ከተማ ላይ ሁሉንም ብንጠቀልል ያዋጣል ወይ ነው ያልከው። እኔ ለዓመታት የጭነት መኪና ስምሪት ላይ ሠርቻለሁ፣ ትልቅ ከተማም መካከለኛ ከተማም። መልሴ አዎ ነው። ግን በኪራዩ ምክንያት አይደለም።

ኪራይ መቀነሱ አይቀርም። ትልቁ ጥቅም ያለው ግን ሰዓቱ ላይ ነው።

ትልቁ ከተማ ሳለሁ መኪኖቹን ሌሊት ጭነን እናሳድራለን። ጠዋት ተሳቢው ከግቢ ሲወጣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ረዳቱ ወርዶ መኪና ያስቆማል። ከኋላ ጥሩምባ ነው። አስፋልት ከያዘ በኋላ ደግሞ ጭንቅንቁ አለ። ሹፌሩ ገና የከተማው ዳር ሳይደርስ ሁለት ሰዓት ይበላበታል፤ ማታ ሲመለስም እንደዚያው። መካከለኛዋ ከተማ ስንገባ ከበር እስከ ዋናው መንገድ አሥር ደቂቃ ነበር። ያው መኪና፣ ያው ሹፌር፣ ግን በቀን አራት ሰዓት ያህል አተረፍን።

ይህ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ላስረዳህ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የከባድ መኪና ሹፌር በመደበኛው ቀን ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላም 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። አሁን የስፔኗን ዛራጎዛ ተመልከት። ከማድሪድ፣ ከባርሴሎና፣ ከቢልባኦና ከቫሌንሲያ በየአቅጣጫው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ብትነዳ መሄጃው 4 ሰዓት፣ መመለሻው 4 ሰዓት ነው። ሹፌሩ አድርሶ ቤቱ ገብቶ ያድራል። አልጋ አይከፈልም፣ መኪናው መንገድ ላይ አያድርም፣ በነጋታው እንደገና ይጫናል። ፕላዛ የሚባለው ሰፊ የሎጂስቲክስ መንደር (የመጋዘንና የጭነት ሥራ የሚሠራበት) እዚያ መሠራቱ አይገርመኝም።

ጥቅል በአውሮፕላን የሚያደርሰው የአሜሪካው ድርጅት ፌዴክስም እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረው ከኒውዮርክ ሳይሆን ከሜምፊስ ከተማ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት 14 አውሮፕላን፣ 186 ጥቅል፣ 25 ከተማ። ሜምፊስ ለአገሪቱ መሃል ትቀርባለች፣ አየሩም አውሮፕላን ማረፊያውን የሚያዘጋው ከስንት አንዴ ነው። ሂሳቡም ቀላል ነው። 10 ከተሞችን እርስ በርስ በቀጥታ ለማገናኘት 45 መስመር ያስፈልጋል። አንዷን መሃል ካደረግሃት 9 ይበቃል።

ሦስቱ ትንንሽ መጋዘኖች ላይ የምታስቀምጡትን መጠባበቂያ ዕቃም አስብበት። ገበያ በአራቱም ከተማ በአንድ ቀን አብሮ አይጨምርም። አንዱ ጋ ሲያልቅ ሌላው ጋ ተደርድሮ ይተኛል። አንድ ላይ ሲሆን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። በሙያው የታወቀ ስሌት አለ፤ የአራቱ ከተማ ሽያጭ ተቀራራቢ ከሆነና አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ፣ አራት መጋዘን ወደ አንድ ሲጠቃለል መጠባበቂያው በግማሽ ያህል ይወርዳል። የታሰረው ገንዘባችሁ ተፈታ ማለት ነው።

አሁን እኔን ያመመኝን ልንገርህ፤ የመልስ ጭነት። መካከለኛ ከተማ ራሷ ብዙ አትሸምትም። ስለዚህ መኪናህ ሞልቶ ይወጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት በአንዱ አቅጣጫ ባዶ ስንመላለስ ነው የጨረስነው። ነዳጁ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው፣ ገቢው ግን የአንድ መንገድ ብቻ። በኋላ በዚያው መስመር ላይ ካለ ፋብሪካ ጋር ተስማምተን ምርቱን ይዘን መመለስ ጀመርን። ያን ጊዜ ነው እፎይ ያልነው። ከመዛወራችን በፊት ልናስበው ይገባ ነበር፣ አላሰብነውም።

ሠራተኛም አለ። አጠገባችን ሌላ ትልቅ መጋዘን ሲከፈት የፎርክሊፍት (የዕቃ ማንሻ መኪና) ሠራተኞቻችን ተከታትለው ወጡ። ትንሽ ከተማ ላይ ተተኪ ቶሎ አይገኝም፤ ማሠልጠን ከመጀመሪያው ቀን ይሻላል። ወደ ከተማዋ የሚያስገባው አንድ ድልድይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቆም ብለህ አስብ፤ እሱ ከተዘጋ መኪኖችህ ሁሉ ይቆማሉ።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት የአንድ ወር የማስረከቢያ ወረቀቶቻችሁን አውጡ። ለእያንዳንዱ ጉዞ መድረሻውን ጻፉና ከአዲሷ ከተማ ቢነሳ በዚያው ቀን ይመለስ እንደሆነ አስሉ፤ ሲመለስ ምን ሊጭን እንደሚችልም አጠገቡ ጻፉ። ከግማሽ በላዩ ደርሶ መልስ ከሆነ ከተማዋን ሂዳችሁ እዩ። ቀን ሳይሆን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ የጭነት መኪኖች በሚወጡበት ሰዓት። ከአሽከርካሪው ጎን ተቀምጠህ አንዱን መስመር አብረኸው ሂድ። ስትመለስ ሰዓቶቹን እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።