ስለ ወፍ መንቁር ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ወፍ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው መንቁሩ ላይ ነው፤ ምን በልቶ እንደሚያድር ከዚያ ይታወቃል። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልግባ።

ጥያቄ፦ መንቁር አጥንት ነው ወይስ ጥፍር?
መልስ፦ ሁለቱም። ውስጡ አጥንት ነው፤ ላዩን የሸፈነው ጥፍራችን የተሠራበት ኬራቲን ነው። ጫፉ በሥራ ስለሚያልቅ ዕድሜ ልኩን ያድጋል።

ጥያቄ፦ ዶሮዎቼ እየተናቆሩ ይቋሰላሉ። መንቁራቸውን ልቁረጠው?
መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ በምላጭ እንዳትነካቸው። ከሽፋኑ ሥር ነርቭና ደም ሥር አለ፤ ዶሮ ጥሬዋን የምትለየው፣ ላባዋን የምታበጥረው በዚያ ጫፍ ነው። ትልልቅ እርባታዎች ጫጩቱ በተፈለፈለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በልዩ መሣሪያ ጫፉን ያነሱታል። ያደገችን ዶሮ ቤት ውስጥ መቁረጥ ግን ማሠቃየት ነው። ይልቅ መንስኤውን ፈልግ፤ ቤቱ ጠቧቸው፣ ብርሃኑ በዝቶባቸው ወይም መኖው ፕሮቲን አንሶት ይሆናል። የደማችዋን ዛሬውኑ ለያት፤ ደም ሲያዩ ሌሎቹም ይረባረቡባታል። ጎመን አስረህ ከፍ አድርገህ ብታንጠለጥልላቸው ደግሞ እሱን ሲነቁሩ ይውላሉ።

ጥያቄ፦ ሰሜን ተራሮች ላይ መንቁሩ የሚያስደነግጥ ቁራ አየሁ። ምንድን ነው?
መልስ፦ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ካለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ የሆነው ባለ ወፍራም መንቁሩ ቁራ ነው። ሲበላ ቆማችሁ እዩት፤ እበት ላይ ያርፍና መንቁሩን ግራና ቀኝ እንደ ማጭድ እያወናጨፈ በትኖት የጢንዚዛ ዕጭ ይለቅማል።

ጥያቄ፦ የአብያታ ፍላሚንጎዎች ለምን ራሳቸውን ዘቅዝቀው ይበላሉ?
መልስ፦ መንቁራቸው ቆልማማ ስለሆነ ውኃውን የሚያገኘው ሲዘቀዘቅ ነው። ምላሳቸው ውኃውን ያስገባል፣ ያስወጣል፤ በመንቁሩ ጠርዝ ያለው ወንፊት ምግቡን ያስቀራል።

ጥያቄ፦ መንቁር በዘመናት ይለወጣል የሚባለው እውነት ነው?
መልስ፦ ተለክቷል፣ ያውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ። ጋላፓጎስ ውስጥ ዳፍኒ ሜጀር የምትባል ደሴት ላይ ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የሚባሉ ተመራማሪዎች ፊንች የተባሉትን ወፎች እየያዙ መንቁራቸውን ይለኩ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ድርቅ ገባ፤ ጥቃቅኑ ፍሬ አለቀና ትልቁና ጠንካራው ቀረ። እሱን መስበር የቻሉት ባለ ወፍራም መንቁሮቹ በብዛት ተረፉ፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ወረሱ። ልብ በሉ፣ የአንዲትም ወፍ መንቁር በሕይወቷ አልወፈረም። የተለወጠው የመንጋው አማካይ ነው።

ጥያቄ፦ ጫጩት እንቁላሉን በምን ይሰብራል?
መልስ፦ በላይኛው መንቁር ጫፍ ላይ ባለች ጠንካራ ነጥብ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሷ ትረግፋለች፤ በሽታ መስሏችሁ እንዳትፍቋት።