ጳጳስ ሿሚው ማን ነው? የንጉሡና የፖፑ ጠብ፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹና ወሮቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ንጉሥ የጳጳስ ሹመት ምን ይጠቅመው ነበር?

መልስ፦ መሬትና ጦር ያስገኝለታል። የጀርመን ጳጳስ ጉልት አለው፣ ቀረጥ ይሰበስባል፣ ወታደር ያዘምታል። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ኦቶ 2ኛ በ981 ገደማ ለኢጣሊያ ዘመቻ ከ2,000 በላይ ጥሩር ለባሽ ፈረሰኛ ሲያስጠራ አብዛኛው የተጣለው በጳጳሳትና በገዳማት ላይ ነው። በዚያ ላይ መስፍን ግዛቱን ለልጁ ያወርሳል፤ ጳጳስ ሲሞት ግን ንጉሡ የፈለገውን ይተካል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጠቡ በምን ተነሣ?

መልስ፦ ንጉሡ የመንፈሳዊ ሥልጣን ምልክት የሆኑትን ቀለበትና የእረኝነት በትር ለተሿሚው በገዛ እጁ ይሰጥ ነበር። ነገሩን ያከረረው ግን የኢጣሊያዋ ከተማ የሚላኖ ሹመት ነው። በ1075 የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ የራሱን ሰው ቴዳልድን እዚያ ሾመ። ፖፕ ጎርጎርዮስ 7ኛ ሲቃወም፣ ሄንሪ በጃንዋሪ 1076 ጳጳሳቱን በጀርመኗ ከተማ በዎርምስ ሰብስቦ «ከመንበርህ ውረድ» አለው። ፖፑም በወሩ አወገዘው፤ ሕዝቡን ከታማኝነት መሐላ ፈታ። ለሄንሪ ከውግዘቱ ይልቅ የከፋው ይኼ ነው፤ ሰበብ ሲፈልጉ ለቆዩት መሳፍንት ምክንያት ሰጣቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ካኖሳ ላይ ንጉሡ ተዋርዶ ተሸነፈ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ መዋረዱስ ተዋርዷል፤ በጃንዋሪ 1077 ይቅርታ ለመለመን፣ ፖፑ ባረፈበት በኢጣሊያው የካኖሳ ግንብ ሦስት ቀን ባዶ እግሩን ደጅ ጠንቷል። ግን መሳፍንቱ «በዓመት ውስጥ ከውግዘቱ ካልተፈታህ ንጉሣችን አይደለህም» ብለውት ስለነበር፣ ተፈትቶ መመለሱ ዕቅዳቸውን አፈረሰባቸው። በ1084 ሮምን የያዘው ሄንሪ ነው፤ ጎርጎርዮስ በማግስቱ ዓመት ሳሌርኖ ላይ በስደት ሞተ።

ጥያቄ፦ በምን ተቋጨ?

መልስ፦ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1122፣ የሄንሪ 4ኛ ልጅ ሄንሪ 5ኛና ፖፕ ካሊክስቶስ 2ኛ በዎርምስ ተዋዋሉ። ንጉሡ ቀለበቱንና በትሩን ተወ፤ ጉልቱን ግን በበትረ መንግሥት ይሰጣል። ዋናው ቁም ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በጀርመን ምርጫው ንጉሡ ባለበት ይካሄዳል፣ ከዚያ በትረ መንግሥት፣ ቅብዐተ ጵጵስና መጨረሻ። ስለዚህ ያልወደደውን ሰው ጉልት በመንፈግ ማስቆም ይችላል። በኢጣሊያና በቡርጎኝ ግን ቅብዐቱ ይቀድማል፤ ንጉሡ በስድስት ወር ውስጥ ጉልቱን መስጠት አለበት፤ እዚያ ሥልጣኑ ስም ብቻ ቀረ። ቀዳዳም አለው፦ በጀርመን መራጮቹ ከተከፈሉ ንጉሡ ከጳጳሳት ጋር መክሮ «የተሻለውን ወገን» ይደግፋል። የተሻለው የቱ እንደሆነ ውሉ አይናገርም።

ጥያቄ፦ በእኛስ አገር?

መልስ፦ የእኛ ሌላ ነው፤ አቡኑን የሚሾመው እስክንድርያ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን ንጉሡ ጳጳሳት ይጨመሩልኝ ቢል ተከለከለ፤ ቁጥራቸው ከበዛ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ይቀባሉ ተብሎ ተፈርቶ ነው። ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የተሾመው በእኛ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ነው፤ አቡነ ባስልዮስ።