መልስ፦ መርከቡ ካለ ለምን ወዲያው አይቆፈርም?
ወንድሜ፣ «የመቆፈሪያ መርከቡ ከተገኘ ጥልቅ ባሕር ላይ ነዳጅ ፍለጋ ለምን ዓመታት ይፈጃል?» ላልከው፦ ቁፋሮው እኮ የመጨረሻው ነው። እኛ ሱሉልታ የውሃ ጉድጓድ ስንቆፍር መሰርሰሪያው ቢሰበርብን አንድ ልጅ መርካቶ ልከን ከሰዓት ሥራ እንቀጥላለን (መንገዱ ካልተዘጋጋ)። ደቡብ አትላንቲክ ላይ ባሉት ፎክላንድ ደሴቶች አካባቢ ግን መርካቶ የለም፤ ቧንቧው፣ ሲሚንቶው፣ መለዋወጫው ሁሉ ቀድሞ ይጫናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከባሕሩ ወለል ሥር ያለው ድንጋይ በድምፅ ሞገድ ይጠናል።

ዋናው ጣጣ ግን «ጉድጓዱ ከቁጥጥራችን ቢያመልጠንስ?» የሚለው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ፣ ማኮንዶ የተባለው የነዳጅ ጉድጓድ ፍንዳታ 11 ሠራተኞች ገደለ፤ ዘይቱም 87 ቀን ፈሰሰ። ያውም መርከብና ባለሙያ በሞላበት ሰፈር! ያመለጠውን ጉድጓድ አፍ የሚዘጋው መክደኛና ጉድጓዱን ከሥር ለመድፈን ሌላ ጉድጓድ የሚቆፍረው ሁለተኛ መርከብ ከየት ተነስተው በስንት ቀን እንደሚደርሱ ሳይታወቅ፣ እኔ ብሆን አንድ ሜትር አላስቆፍርም።