ቪዲዮው «ብር ሠራ» ወይስ «ብር አስገኘ»?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የምሠራ የቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በምንወደው ዘፋኝ ነጠላ ዜማ ጨፍረን ዩቲዩብ ላይ ለቀቅነው። ብዙ ሰው አየው፤ የማስታወቂያው ገቢ ግን ለእኛ አልደረሰም። ጓደኛዬ «ቪዲዮአችን ብር ሠራ» ይላል። እኔ ደግሞ «ብር አስገኘ» ነው የሚባለው እላለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ «ብር ሠራ» ስህተት አይደለም። የስታዲየም ታክሲ ሹፌር «ዛሬ ስንት ሠራህ?» ቢባል ወዲያው ይገባዋል። እዚያ ላይ ግን የለፋውም ብሩን የያዘውም አንድ ሰው ነው። የእናንተ ጉዳይ እንደዚያ ስላልሆነ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

«አገኘ» «አስ-»ን ሲጨምር «አስገኘ» ይሆናል። ያቺ ቅጥያ ባለጉዳዮቹን ሁለት ታደርጋቸዋለች፤ አንዱ ምክንያት ይሆናል፣ ሌላው ያገኛል። «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። «ሠራ» ግን ይህን ጥያቄ ይሸፍነዋል።

አሠራሩን ካየን ደግሞ ጥያቄው ተገቢ ነው። ዩቲዩብ በ2007 እ.ኤ.አ. «ኮንቴንት አይዲ» የተባለ ሥርዓት ጀመረ። ባለመብቱ የዘፈኑን ቅጂ ያስገባል፤ ሥርዓቱም ሰው የሚጭናቸውን ቪዲዮዎች ከዚያ ጋር ያመሳክራል። ሲገጥም ባለመብቱ ቪዲዮውን ሊያግድ፣ እይታውን ብቻ ሊከታተል ወይም ማስታወቂያ አስገብቶ ገቢውን ሊወስድ ይችላል። የእናንተ ቪዲዮ ሳይወርድ ገቢው ሌላ ጋ የሄደው በሦስተኛው መንገድ ይመስለኛል።

«ለዘፋኙ አስገኘ» ለማለትም አይቸኩሉ። የቅጂው መብት በአሳታሚ እጅ ከሆነ ብሩ መጀመሪያ የሚገባው ለእሱ ነው፤ የዘፋኙ ድርሻ በውላቸው ይወሰናል። «ለባለመብቱ» ቢሉ አይሳሳቱም።

የአድናቂ ውለታ በብር ብቻ አያልቅም። የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት ቢልቦርድ በ2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካን የዩቲዩብ እይታ «ሆት 100» ለተባለው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዡ መቁጠር ጀመረ። የተፈቀደ የዘፈን ድምፅ የያዙ የአድናቂ ቪዲዮዎችም ተቆጠሩ። ባወር የተባለው ዲጄ ዘፈን «ሃርለም ሼክ» ያን ጊዜ በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ገባ። ዘፈኑ የተለቀቀው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ነበር። በየቤቱና በየቢሮው በዘፈኑ ጨፍረው ቪዲዮ የለቀቁት ሰዎች አንደኛ አስወጡት። እዚህም «አስ-» ሥራዋን ሠርታለች፤ የወጣው ዘፈኑ ነው፣ ያስወጡት አድናቂዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ለጓደኛዎ እንዲህ ይበሉት፦ «ዘፈኑን አስተዋወቅን፤ ለባለመብቱም ብር አስገኘን።»