ዘይት የምትበላ አሮጌ ኮሮላን ሞተር ሳያስወርዱ ስለመሸጥ

ጠያቂዋ እህታችን ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1997 ሞዴል የሆነችው ኮሮላዎ ዘይት ትበላለች፤ ዳገት ላይም አልፎ አልፎ ትሞቃለች። አንዱ ደላላ «ሞተር ካላስወረዱ ማንም አይገዛዎትም» ብሎዎታል፤ ሞተሩ ወርዶ ተፈትቶ ካልታደሰ ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ «እንዳለች ልውሰዳት» ብሎ ከጤነኛዋ ዋጋ ግማሹን ብቻ አቅርቦልዎታል። በእኔ እምነት ሁለቱንም አይቀበሉ። በመጀመሪያ ችግሯ ምን እንደሆነ በትክክል ያስመርምሩ፤ ከዚያም ችግሯን ሳይደብቁ ዋጋዋን ቀንሰው ይሽጧት። ገዢን የሚያስፈራው የታወቀ ብልሽት ሳይሆን ያልታወቀው ነውና፣ ግማሽ ዋጋ የሰጠዎት ሰውም የቀነሰው ለጥገናው ወጪ ብቻ ሳይሆን ለጥርጣሬውም ጭምር ነው።

ሞተር አስወርዶ መሸጥን አንድ ጊዜ ሞክሬው ከስሬበታለሁ። በቀድሞዋ መኪናዬ ይህንኑ ምክር ሰምቼ ፋሻና ብሮንዚን (የፒስተኑን ቀለበትና የሞተሩን ዘንግ መሸከሚያ) አስቀየርኩ፤ ቴስታታውንም (የሞተሩን የላይ ክዳን) ቶርኖ ቤት ልኬ ፊቱን አስላግሁ። ገዢዎች ሲመጡ ግን ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ ማን ነው ያወረደው፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው ወይስ ሌላ፣ ከወረደ በኋላስ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ እያሉ ይመረምሩኝ ነበር። በአገራችን የመኪና ማስታወቂያ ላይ «ሞተር ያልወረደ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ሙገሳ የሚጻፈው በከንቱ አይደለም። ገዢው ያልተነካ ሞተር ድክመት ቢኖረውም ከማያውቀው መካኒክ እጅ የወጣውን ሞተር ያህል አይፈራውም። እኔም ያወጣሁትን ገንዘብ ሲሶውን እንኳ በዋጋው ላይ መልሼ አላገኘሁትም።

በ2015 ዓ.ም. የሸጥኳት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1988 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች፤ 1300 ሲሲ፣ ካርቡራቶር ያላት፣ 11 ዓመት የያዝኳት መኪና ናት። ምልክቶቿ ከእርስዎ መኪና ጋር አንድ ነበሩ። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ይህን ጊዜ ግን ያለፈው ስላስተማረኝ ለሌላ መካኒክ የምርመራ ብቻ ከፍዬ እንዲለካልኝ ጠየቅሁ። አራቱንም ካንዴላዎች ፈትቶ ኮምፕሬሽኑን (የሚታመቀውን አየር ግፊት) በየሲሊንደሩ ለካ፤ አራቱም ተቀራራቢና ደህና ሆነው ተገኙ። አንዱ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ኖሮ በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ዳግመኛ ይለካ ነበር፤ ልኬቱ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ነው፣ ካልተነሣ ግን ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው መዝጊያ) ነው ማለት ነው።

ጭሱንም ራስዎ ሊያነቡት ይችላሉ። መኪናዋ አድራ ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ቡን አድርጋ ወዲያው የምታቆም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀው የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ትንሽ ጎማ) ነው፤ ይህ ደግሞ ከፋሻ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ወጪ ነው። ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጧት ሳታቋርጥ የምታጨስ ከሆነ ወደ ፋሻው ያመለክታል። ነጭ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ፣ ውኃ በየጊዜው ከጎደለ፣ የዘይቱ መክደኛ ሲከፈትም ከውስጥ እንደ ማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል መኪናዋን ከመንዳት ይቆጠቡ፤ እየሞቀች መነዳቷ ቴስታታውን አጣሞ በትንሽ ዋጋ የሚጠገነውን ነገር ያከብደዋልና። ዘይት መብላቷንም «ትንሽ ትበላለች» ብሎ መተው አይበቃም። እስከ ምልክቱ ሞልተው 1000 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ስንት ሊትር እንደጨመሩ ይጻፉ። የእኔዋ ግማሽ ሊትር ያህል ነበር፤ ይህ ቁጥር ኋላ ላይ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ጠቀመኝ።

የመሞቋ ምክንያት ደግሞ ከሞተሩ ጋር የማይገናኝ ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲጨመርበት የኖረው ራዲያተር ውስጡ በዝገትና በደለል ተደፍኖ ነበር፤ ቴርሞስታቱንም አንድ ቀን አንድ መካኒክ አውጥቶ ጥሎታል። ራዲያተሩን አስጠርጌ፣ ቴርሞስታት አስገጥሜ፣ ያረጁትን ጎማ ቱቦዎች ቀይሬ ትክክለኛ ኩላንት ሞላሁ። ከመሸጥ በፊት ሊደረግ የሚገባው ጥገና እንዲህ ያለው ነው፤ ወጪው ትንሽ ሆኖ የሚያስፈራውን ምልክት የሚያስወግድ። የቫልቭ ጎሚኒውን ግን ሆን ብዬ አልነካሁትም፤ ዋጋውን አስጠይቄ በወረቀት ያዝኩት። ቀለም ማስቀባትን በፍጹም አልመክርም፤ አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ከሥሩ ስቱኮ መኖሩን በጣቱ እያንኳኳ ይፈልጋልና። ሞተሩን አሳጥቦ የዘይት ፍሳሽ መደበቅም እንዲሁ ጥርጣሬ ያመጣል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። መነሻው በማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ሳይሆን በቅርቡ በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ደላላ «ሻጭ ነኝ» ሳይሉ እንደ ገዢ ይጠይቁ፤ እውነተኛው ዋጋ ያን ጊዜ ይታያል። እኔ በጠየቅሁበት ወቅት ጤነኛ አቻዋ 620 ሺህ ብር ገደማ ትሸጥ ነበር። ቀሪው ጥገና፣ ዕቃና የእጅ ዋጋ ተደምሮ፣ 60 ሺህ ያህል ተተመነ። ከዚህ ላይ ለገዢው ድካምና ከጋራዥ ጋር ለሚቃጠለው ጊዜ 30 ሺህ ጨምሬ ቀነስኩ። 530 ሺህ ሆነ፤ ለክርክር ጥቂት ጨምሬ በ540 ሺህ አቅርቤ በ525 ሺህ ተሸጠች። ለእኔም ግማሽ ዋጋ የሰጠኝ ሰው ነበር፤ እርሱን ብሰማው ኖሮ ከ200 ሺህ ብር በላይ በከንቱ በጠፋ ነበር። የዛሬው ዋጋ ከዚያ እጅግ የተለየ ስለሆነ ቁጥሮቹን ሳይሆን የስሌቱን መንገድ ይያዙ።

አሮጌ መኪና በአገራችን ዋጋዋን የማትጥልበት ምክንያት እንዳለ አይርሱ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ሻሲዋ ያልተነካ፣ ሊብሬዋ ንጹሕ የሆነ ኮሮላ፣ ሞተሯ ቢደክም እንኳ በብረት ዋጋ የምትታይ አይደለችም። የኤሌክትሪክ መኪኖች መብዛት አንዳንዱን ገዢ ወስዶት ይሆናል፤ መለዋወጫዋ በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ሁሉ የሚገኝ፣ የሰፈር መካኒክ ሁሉ የሚያውቃት መኪና ግን አሁንም የራሷ ፈላጊ አላት።

ከፈላጊዎቹ መካከል ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚሻለው የእጅ ዋጋ የማያወጣው ሰው ነው፤ መካኒክ፣ ወይም መካኒክ ወንድም ያለው ሹፌር። የእኔን የገዛው ሰው አብሮት መካኒክ ይዞ በማለዳ መጣ። መካኒኩ ከመናገሩ በፊት መዳፉን ቴስታታው ላይ አሳረፈ፤ አስቀድሜ አሙቄያት እንደሆን ማረጋገጡ ነበር። ቀዝቃዛ መሆኗን ሲያይ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፣ ሞተሩን እንዳስነሣ ነግሮኝ አረፋ ይወጣ እንደሆን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከዚያም በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ጫፍ ነጭ ጨርቅ ያዘ። ሰማያዊው ጭስ ሲወጣ እኔ ቀድሜ «የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ ልኬቱ ይኸው» ብዬ የኮምፕሬሽኑን ቁጥሮችና የዘይቱን ማስታወሻ ሰጠሁት። ወረቀቱን አንብቦ ለገዢው «እውነቱን ነው» አለው፤ ከዚያ በኋላ የቀረን 15 ሺህ ብር መከራከር ብቻ ነበር።

ችግሩን መናገር በሕግም ይጠቅምዎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሆን ያስገድዳል፤ ገዢው ውል ሲፈራረም ያወቀውን ጉድለት ግን ኋላ ተመልሶ ሊጠይቅበት አይችልም። ስለዚህ «ሞተሩ በ1000 ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ዘይት እንደሚጨምር ገዢው አውቆ ተረክቧል» የሚል ዓረፍተ ነገር በውሉ ውስጥ ያስገቡ። ሆን ብሎ የተደበቀ ጉድለት ካለ «እንዳለች ሸጬአለሁ» የሚለው አንቀጽ ብቻውን አያድንዎትም።

ስለ ሰነዱ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር መግጠሙን ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ ቀድሞ ሞተር ተቀይሮ ካልተመዘገበ የስም ዝውውሩ ይቆምብዎታል። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ የታደሱ ይሁኑ። ገዢው «ስም ማዛወሩ ይቆየኝና ውክልና ይስጡኝ» ቢልዎት እሺ አይበሉ። መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ሕጉ በቅድሚያ የሚይዘው ባለንብረቱን ነው፤ የእኔ አንድ ዘመድ በውክልና በሰጣት መኪና ከሁለት ዓመት በኋላ በደረሰ አደጋ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይቻለሁ፣ ገዢውም መኪናዋን ለሌላ ሸጦ አድራሻው ጠፍቶ ነበር። ክፍያውን በባንክ ይቀበሉ፤ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ከሆነም ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት ያወጣው ባንክ ራሱ እንዲያረጋግጥልዎ ያድርጉ።

ከደላላው ጋር ደግሞ የሚወስደውን መቶኛ ገዢ ከማምጣቱ በፊት ይስማሙ፤ «ከዚህ ዋጋ በላይ ያመጣሁት የእኔ ነው» የሚለውን ስምምነት አይቀበሉ። ግማሽ ዋጋ ያቀረበልዎት ሰው ተመልሶ ቢመጣ የምርመራውን ወረቀት ያሳዩት፤ እርሱም ዋጋውን እንደገና ያስብ ይሆናል።