የጃምቢያ ዋጋ ለምን እንዲህ ይለያያል?

ሰላም ወንድሜ፣ «ሁለት ጃምቢያ (የየመን ቆልማማ ጩቤ) አየሁ፤ ስለታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የአንዱ ዋጋ ግን ሰማይ ነክቷል፣ ለምን?» ነው ጥያቄህ። መልሱ እጀታው ላይ ነው።

የመኖች ጩቤ ሲገዙ ከስለቱ ይልቅ ትኩር ብለው የሚያዩት እጀታውን ነው። ርካሹ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከከብት ቀንድ ይሠራል። ውዱ የአውራሪስ ቀንድ ነው። በእጅ እየተነካካ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ቀለሙ እየጠራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ እየመሰለ ይሄዳል። ይህን «ሰይፋኒ» ይሉታል። ስለዚህ የአያት ጃምቢያ ከአዲሱ ይወደዳል።

ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ የመናውያን ሳዑዲ ሠርተው ገንዘብ ያዙ። ድሮ የሹማምንትና የባለጸጎች የነበረው እጀታ የሁሉም ምኞት ሆነ። ዕዳውን የከፈለው የምሥራቅ አፍሪካ አውራሪስ ነው። ያኔ ራሷን የቻለች አገር የነበረችው ሰሜን የመን ቀንዱ እንዳይገባ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ከለከለች፤ ኮንትሮባንዱ ግን ወዲያው አልቆመም።

ቅርጹን በተመለከተ፣ ስለቱ በሁለቱም በኩል የተሳለ ነው፤ መሃሉ ላይ ወፈር ያለ መስመር አለው። ሰገባው ከስለቱ የበለጠ ይቆለመማል። እሱን አይተህ ጩቤውም እንደዚያ የታጠፈ እንዳይመስልህ! የኦማኑ ኻንጃር የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ባንዲራቸው ላይ የምታየው እሱ ነው።

ልትገዛ ካሰብክ በእንጨት እጀታ የተሠራ ቆንጆ አታጣም። «የአውራሪስ ነው» ካሉህ ግን ተወው፤ ቀንዱን ከአገር አገር መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ክልክል ነው።